ግንቦት የተፈረመ ውል፣ ሐምሌ የሚቆፈር ቦይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመንግሥት የግንባታ ግዥ ላይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው የመንገዱን መሰንጠቅ፣ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ማፍሰስ፣ የቦዩን መደርመስ ሁሉ «ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል» በሚለው አሠራር ላይ ጭነው ጨርሰዋል። እኔ በዚሁ ጉዳይ እንጀራ የምበላ ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ዋጋው ንጹሕ ነው አልልም። ዋጋውን እንዲያ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው፤ እሱም ጨረታው የሚወጣበት ወር ነው።

ሥራዬ ዋጋ መሥራት ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ለአነስተኛ ተቋራጮች የጨረታ ሰነድ እሞላለሁ። ቁፋሮው በሜትር ኩብ ስንት፣ የድንጋይ ግንቡ ስንት፣ ልስኑ በካሬ ስንት፣ ብረቱ በኪሎ ስንት እያልኩ ነጠላ ዋጋ አወጣለሁ። ደንበኛዬ ይፈርማል፣ ማኅተሙን ያሳርፋል፣ የጨረታ ማስከበሪያ የሚሆነውን የባንክ ሰነድ፣ ሲፒኦውን፣ ያያይዛል፣ በሰም አሽጎ ሳጥኑ ውስጥ ይከታል። ቢያሸንፍም የእሱ ነው፣ ቢሸነፍም የእሱ ነው። አብዛኞቹ በዕድሜ ልጆቼ የሚሆኑ ናቸው፤ ለድሬ ልጅ አንቱታ ስለማይሆንለት ግን «አቦ አንቺ፣ ትንሽ ቀንሺው!» እየተባልኩ ነው የምንሠራው።

መጀመሪያ የግዥ ሕጉን በከንቱ አንወንጅለው። ብዙ ዓመት የሠራንበት አዋጅ ቁጥር 649/2001 ነበር፤ አሁን በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። ዋናው መንገድ ግልጽ ጨረታ ነው። ውስን ጨረታው፣ ፕሮፎርማ የምንለው የዋጋ ማቅረቢያው፣ ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛቱ በቂ ምክንያት ሲኖር የሚፈቀዱ ናቸው። ሰው እንደሚያወራውም አንድ ተጫራች ርካሽ ስለሆነ ብቻ አያሸንፍም። ፈቃዱ፣ የታክስ ክሊራንሱ፣ የቀድሞ ሥራው፣ መሣሪያውና ባለሙያው ታይቶ ማለፍ አለበት፤ ዝቅተኛው የሚመረጠው ካለፉት መካከል ነው። በወረቀት ደረጃ ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

እንግዲህ ካላንደሩን እንክፈተው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይገባል፣ ሰኔ 30 ቀን ይወጣል። ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። በጀቱ ይጸድቃል፤ እስኪደለደል ነሐሴ ያልቃል። መስከረም በዓል በበዓል ነው። ጥቅምት ላይ ዲዛይን ይሠራ ይባላል፤ ታኅሣሥ ላይ ይመጣል፤ ይታረም ተብሎ ይመለሳል። ጨረታው የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ይወጣል። ሚያዝያ ላይ ይከፈታል፣ ይገመገማል፣ አንዱ ቅሬታ ያስገባል፣ ቅሬታው ይታያል። ግንቦት ላይ ውል ይፈረማል። የሳይት ርክክቡ ሰኔ ላይ ነው። ሁሉም መሥሪያ ቤት እንዲህ ነው አልልም፤ ቀድመው የሚያወጡም አሉ። የእኔ ጠረጴዛ ግን ይመሰክራል፦ ከጥቅምት እስከ ጥር ሻይ እየጠጣሁ እውላለሁ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት እንቅልፍ የለኝም።

ድሬዳዋን የማያውቅ አንባቢ ይህ ምን ክፋት አለው ሊል ይችላል። ግንቦትና ሰኔ እዚህ የዓመቱ ሙቀት የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። ረፋድ ላይ የተሞላ ኮንክሪት ውኃው ሳይሰክን ይተናል። በጆንያ ካልተሸፈነ፣ ቀን ከሌት ካልጠጣ ፀጉር መሳይ ስንጥቅ ያወጣል፤ ያ ስንጥቅ በኋላ ጎርፍ ሲገባበት ይሰፋል። የሚያጠጣ ሰው ቀን ሠራተኛ ነው፣ ውኃውም በቦቴ ይገዛል፤ ሁለቱም ገንዘብ ናቸው። በሥራ ዝርዝሩ ላይ ግን ውኃ ማጠጣት ብዙ ጊዜ የራሱ መስመር የለውም፤ ኮንክሪቱ ውስጥ ተካቷል ተብሎ ይታለፋል። የተካተተ ነገር ደግሞ መጀመሪያ የሚቀነስ ነገር ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ጎርፍ ነው። የእኛ ጎርፍ ደግሞ ከራሳችን ሰማይ አይመጣም። ደንገጎ ላይ፣ ከዚያም ወዲያ በሐረርጌ ደጋ ይዘንባል፤ ከተማው ፀሐይ ሆኖ ሰው ልብስ አስጥቶ ሳለ ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ይወርዳል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 አጥቢያ የወረደው ከ250 በላይ ሰው ጨርሷል፤ የዚያን ሌሊት ጩኸት የሰማ የድሬ ሰው ዛሬም ደመና ሲያይ ወደ ደጋው ነው የሚያንጋጥጠው። ሚያዝያ 2012 ላይም ጎርፉ ሰው ወስዷል፤ ስለዚህ በልጉም አይታመንም። ለመቆፈር፣ ለመገንባት፣ ኮንክሪት ለመሙላት እግዜር የሰጠን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ወንዙ ደረቅ ነው፣ ግንበኛው ከሰዓትም ቢሆን መሥራት ይችላል። በእነዚያ ወራት ነው መሥሪያ ቤቶቻችን ዲዛይን የሚያርሙት።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። 400 ሜትር የሚረዝም፣ አንድ ሜትር ስፋትና 1.20 ሜትር ጥልቀት ያለው የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ጨረታ ወጣ እንበል። ቁፋሮው 480 ሜትር ኩብ ይመጣል። ሥራው ሐምሌን እንደሚሻገር ጨረታው የወጣበትን ቀን አይቼ አውቃለሁ። አንድ ጥሩ ጎርፍ ቢወርድ የቦዩን ግማሽ በደለል ይሞላዋል፤ ሌላ 240 ሜትር ኩብ መዛቅ ሊኖርብኝ ነው። የሚከፈለው ግን በልኬት ነው፣ ተለክቶ የሚገኘውም ያው 480 ነው። ስለዚህ 720 ቆፍሮ የ480 ለመቀበል ነጠላ ዋጋውን በአንድ ተኩል ማባዛት አለብኝ። የውኃ መሳቢያ ሞተሩን ኪራይና ነዳጅ፣ የተደረመሰውን ጠርዝ ማስተካከያ፣ ሥራ ቆሞ ለሚከፈለው የዘበኛና የፎርማን ደሞዝ ገና አልነካሁም።

ይህን በሐቅ የሞላሁለት ደንበኛዬ ይሸነፋል። የሚያሸንፈው ዝናብ የሌለበት አገር ዋጋ የሞላው ነው። እሱም ሞኝ ሆኖ አይደለም። አንዴ ይግባ እንጂ ቁፋሮው ላይ የከሰረውን ከሲሚንቶው ያወጣዋል፤ ወይም ተጨማሪ ሥራ ነው እያለ ደብዳቤ በደብዳቤ ይጽፋል፤ ባሰበት ደግሞ ቅድመ ክፍያውን ከወሰደ በኋላ ስልኩ አይነሣም። እንዲህ ሆኖ የመጣ ዋጋ ነው ወደ እናንተ ጽሑፍ ሲደርስ «የዝቅተኛ ዋጋ ችግር» የሚባለው። ዝቅተኛው ዋጋ ለምን ከሌሎቹ ዝቅ አለ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

የዋጋ መክፈቻ ቀን አዳራሹን ብታዩት ደስ ይላችኋል። ቬንትሌተሩ ይንኳኳል፣ ሁሉም ብዕሩን አውጥቶ የፖስታ ጀርባ ላይ ሊጽፍ ተዘጋጅቷል፣ ሰብሳቢው የድርጅቱን ስምና ጠቅላላ ዋጋውን ጮክ ብሎ ያነባል። ዋጋዎቹ ተቀራርበው ይሄዱ ይሄዱና አንዱ ከሁሉም እጅግ ዝቅ ብሎ ይነበባል። አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ባለዋጋው ራሱ አብሮ ይስቃል፤ አጠገቡ ያለው ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። እኔ የቱን መስመር እንደረሳው ከመቀመጫዬ ሳልነሣ እገምታለሁ። አንዳንዴ የተረሳ ሳይሆን የተተወ ነው።

አንድ ደንበኛዬ የገጠመውን ልንገራችሁ፤ የእሱንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም። ወጣት ነው፣ የተቋራጭነት ደረጃው ዝቅ ያለ ነው፣ ሥራ ይወዳል። በከተማው ዳር የቦይ ሥራ አሸነፈ። ለዝናቡ ብዬ የጨመርኩትን አስቀንሶኝ ነበር፤ ባይቀንሰው ኖሮ ደግሞ ባላሸነፈ። ውሉ ግንቦት መጨረሻ ላይ ተፈረመ። አሥር በመቶ የአፈጻጸም ዋስትና አስያዘ፤ ለቅድመ ክፍያውም ሌላ ዋስትና ተጠየቀ። ኢንሹራንሱ መያዣ ሲለው የአባቱን ቤት ካርታ ይዞ ሄደ። ሰኔን ቆፈረ። ሐምሌ እንደተጋመሰ ሌሊት ላይ ጎርፉ መጣ፤ ጠዋት ደወለልኝና «አቦ አንቺ፣ ቦዩ የለም» አለኝ።

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። በእርግጥም የለም። የችካሎቹ ጫፍ ከደለሉ በላይ ይታያል፣ ለግንብ የተከመረው ድንጋይ ግማሹ ተቀብሯል፣ ልጆች ደለሉ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። የአካባቢው ሰው መጥቶ ከቦናል፤ አንዲት እናት ቤታቸው በራፍ ድረስ የገባውን ጭቃ እያሳዩ ቦዩ ባይቆፈር ይሻል ነበር ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግማሽ የተቆፈረ ቦይ ውኃውን ሰብስቦ ወደ ማንም በር ይመራዋል።

ልጁ ጊዜ ይራዘምልኝ፣ ደለል ማውጫው ይታሰብልኝ ብሎ ጻፈ። የተሰጠው መልስ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ውሉ ጊዜ የሚያራዝመው ላልተለመደ የአየር ጠባይ ነው፤ ሐምሌ ላይ መዝነቡ የተለመደ ነው፤ ልምድ ያለው ተቋራጭ አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት። በውሉ ዓይን መልሱ ትክክል ነው፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሐምሌ ላይ እንደሚዘንብ ተቋራጩ ማወቅ ካለበት፣ ጨረታውን መጋቢት ላይ ያወጣው መሥሪያ ቤትስ ከየት አገር መጣ? ቅጣቱ በየቀኑ ከሺህ አንድ እየተቆጠረ መስከረም ጠባ። ልጁ በመጨረሻ ሥራውን ጨርሶ ጊዜያዊ ርክክብ አደረገ። ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደገባበት አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተቋራጭ ላስረከበው ሥራ አሥር ዓመት ዋስ ነው ይላል። ያ ቦይ አሥር ክረምት ይቆማል ብዬ እኔ ቤቴን አላስይዝም።

ሰኔ የራሱ ጉድ አለው። ዓመቱን ሙሉ ክፍያ ሲለምን የኖረ ተቋራጭ ሰኔ ሲገባ በተራው ይለመናል። ቶሎ የክፍያ ሰርተፊኬት አቅርብ፣ ገንዘቡ ሊመለስብን ነው ይባላል። ያልተሠራ ሥራ ማስከፈል ስለማይቻል ሳይት ላይ የተራገፈ ዕቃ ይቆጠራል፤ ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ጠጠሩ። በዚያ ሰሞን ድሬ ውስጥ ገልባጭ መኪና ፈልጎ ማግኘት መከራ ነው፣ የቢያጆው፣ የአንድ ምልልስ ጭነት ማለት ነው፣ ዋጋም ይሰቀላል። የተራገፈውን አሸዋ ሐምሌ ላይ ጎርፉ ወደ መጣበት ወንዝ ይመልሰዋል። የተከፈለበት አሸዋ ነው እንግዲህ። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ አዲሱ በጀት መስመር እስኪይዝ የሚከፍል የለም፤ ሙያተኛው ሁሉ ይበተናል።

የዋጋ ንረቱን ልዝለለው ብዬ ነበር፣ አላስቻለኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። መጋቢት ላይ ዋጋ ሞልቶ፣ ግንቦት ላይ ፈርሞ፣ ብረቱን ነሐሴ ላይ ሊገዛ ያሰበ ሰው ምን እንደዋጠው አስቡት። የአጭር ጊዜ ሥራ ውል ቋሚ ዋጋ ስለሆነ ማስተካከያ የለውም። እንዲያ ያለው ዱብ ዕዳ በየዓመቱ አይመጣም፤ ዋጋ በተሞላበት ቀንና ብረት በሚገዛበት ቀን መካከል ያለው ርቀት ግን በየዓመቱ ያው ነው።

የኤሌክትሮኒክ ግዥው መጣ፤ እሰየው። ለሰነድ ግዥና ለማስገባት ብቻ አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ መንከራተትን ያስቀራል፣ ሳጥን ተከፈተ አልተከፈተ የሚለውን ሐሜትም ይቀንሳል። ነገር ግን ጨረታውን መጋቢት ላይ የጫኑበት ኮምፒዩተር መጋቢት ላይ ነው የሚያወጣው።

የምለው ይኸው ነው። ሕጉ መሥሪያ ቤቶች ዓመታዊ የግዥ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ያዛል። ያየኋቸው ዕቅዶች ላይ የግዥው ዘዴ አለ፣ የገንዘቡ መጠን አለ፣ ጨረታ የሚወጣበት ቀን አለ። መሬቱ የሚቆፈርበት ወር የለም። እሱን አንድ ዓምድ ጨምሩበትና ከእሱ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቁፋሮ ይጀመር ከተባለ ውሉ መስከረም ላይ መፈረም አለበት፤ ጨረታው ነሐሴ ላይ ይከፈታል፤ ሐምሌ ላይ፣ በጀቱ እንደጸደቀ፣ ማስታወቂያው ይወጣል። ለዚህ ደግሞ ዲዛይኑና የሥራ ዝርዝሩ ሰኔ ላይ አልቆ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ይኖርበታል።

በጀቱ ሳይታወቅ እንዴት ዲዛይን እናሠራለን የሚል መልስ ሰምቻለሁ። የዲዛይን ወጪ ከግንባታው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ዘንድሮ በጀት ባያገኝ ከርሞ ይሠራበታል። ድሬዳዋ ቦይ የማያስፈልጋት ዓመት እንደሁ የለም። ደግሞም የልኬቱ ጊዜ የቀደመው ዓመት ክረምት ቢሆን ሌላ ጥቅም አለው። ሐምሌ ላይ ሳይት የወጣ መሐንዲስ ጎርፉ የት እንደሚታጠፍ፣ የማን አጥር ላይ ደለል እንደሚተው በዓይኑ ያያል፣ ሰፈርተኛውንም ይጠይቃል። ታኅሣሥ ላይ የወጣው የሚያገኘው ደረቅ አሸዋ ነው። የቦዩ ወለል ከመነሻው ይልቅ መድረሻው ከፍ ብሎ የተሣለበት ፕላን እጄ ላይ ገብቶ ያውቃል፤ ውኃው ሽቅብ እንዲሄድ ታዟል ማለት ነው። ጥያቄ ጽፈን ላክን፤ ማብራሪያው የመጣው ጨረታው ሊዘጋ ሲል ነው።

ሥራው በዓመት ካላለቀስ የሚሉም አሉ። ጥቅምት የተጀመረ ትንሽ ቦይ ጥር ላይ ያልቃል፤ ጥር ደግሞ የበጀት ዓመቱ ሰባተኛ ወር ነው። ክፍያው መጋቢት ላይ ተጠናቆ ሰኔን ማንም ሳይሯሯጥ ያሳልፋል። ደረቁ ወቅታችን በበጀት ዓመቱ መሐል ላይ ተቀምጦ ሳለ እኛ ሁለቱን ዳር ይዘን መታገላችን ነው የሚገርመኝ።

የግድ በክረምት መሠራት ያለበት አስቸኳይ ሥራ ይኖራል፤ ግንብ ሲናድ ጥቅምትን አይጠብቁም። ለእንዲህ ያለው ደለል ማውጣቱ፣ ውኃ መሳቡና ኮንክሪት ማጠጣቱ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ለየብቻ መስመር ይሰጣቸው። መጠኑን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይገምት፣ እኛ ነጠላ ዋጋውን እንሙላ፣ ክፍያው በተሠራው ልክ ይሁን። ያን ጊዜ ሁሉም ተጫራች አንድ ዓይነት ዝናብ ውስጥ ቆሞ ይወዳደራል፤ ኮሚቴውም ማን ምን ሳይሞላ እንዳለፈ በግልጽ ያያል።

ከእናንተም የምጠይቀው አለኝ። የጨረታ ማስታወቂያ ታትማላችሁ፤ የዚያን ጨረታ መጨረሻ ግን አንባቢ አያየውም። ከየመሥሪያ ቤቱ ለትንሹም ለትልቁም ሥራ አራት ቀን ጠይቁና አትሙ፦ ማስታወቂያው የወጣበት፣ ውሉ የተፈረመበት፣ ሳይቱ ለተቋራጩ የተሰጠበት፣ ሥራው አልቆ ርክክብ የተደረገበት። ዋጋና የአሸናፊ ስም ቢጨመርበት ጥሩ ነው፤ ባይጨመርም አራቱ ቀኖች ይበቁኛል። ከድሬዳዋ በኩል በእጄ ያለፉትን ሰነዶች ቀን ከደንበኞቼ ፈቃድ ጋር ለመላክ ዝግጁ ነኝ፤ ለማን እንደምልክ ብቻ ንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር፤
የጨረታ ዋጋ አዘጋጅ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ